ታርጌት ሳይወድቅ ሰውን መስማት፦ በሐዋሳ ላይን ለምትመራ ሴት ሱፐርቫይዘር

ይህ መመሪያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በከተማው ሌሎች ፋብሪካዎች የስፌት ላይን (ቁራጩ ከማሽን ወደ ማሽን እየተላለፈ የሚሰፋበትን መስመር) ለምትመሪ ሱፐርቫይዘር የተዘጋጀ ነው። ሆቴል፣ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ጤና ጣቢያ የምትመሪ ብትሆኚም አብዛኛው ያገለግልሻል። ምሳሌዎቹን ከስፌት የወሰድነው እዚያ የሰው ችግር በሰዓት ተቆጥሮ ስለሚታይ ነው። አንዲት ኦፕሬተር ስትደነግጥ ወይም ስታዝን ከፊቷ ያለው ቁራጭ ይከመራል፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ሥራ ትፈታለች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ የምርት ሰሌዳው ላይ የወረደው ቁጥር አንቺን ያስጠይቅሻል።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ማሽን ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራቸው ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ከምትተርፋቸው ላይ ለቤተሰብ ይልካሉ። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ተጠቃሚነት ስትታገድ ትዕዛዝ ቀንሶ ሰው የተቀነሰበት ጊዜም ገና አልተረሳም። በዚህ የተነሳ ሱፐርቫይዘር ደብተር ይዛ ስትመጣ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ «የሚቀነሱትን እየመዘገበች ነው» የሚል ነው። ይህን ፍርሃት ሳታውቂ የምታደርጊው ንግግር ሁሉ ከመጀመሪያው የጠመመ ይሆናል።

የሌላን ሰው ስሜት መረዳት እንደ ስፌት የሚለመድ ሙያ ነው፤ አንዳንዷ ቶሎ ትይዘዋለች፣ አንዳንዷ ቆይታ፣ ግን ሁሉም ይማረዋል። ሙያው የሚፈተነው ደግሞ ንግግሩ ሲያበቃ ነው። ሰምተሽ፣ አዝነሽ፣ ያለ ውሳኔ ከተለያያችሁ ኦፕሬተሯ ምስጢሯን ከፍላ ምንም አልገዛችም ማለት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ የሚያመራው ቀን ወደተቆረጠለት አንድ ውሳኔ ነው።

ከመናገርሽ በፊት ራስሽን

ንግግር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይጀመር ነው። ሥራ አስኪያጁ በታርጌት ምክንያት ተቆጥቶሽ ከወጣሽና ያንን ይዘሽ ወደ ላይኑ ከገባሽ፣ መጀመሪያ ያገኘሻት ሰው ላይ ይወርዳል።

ምልክትሽን እወቂ። ቁጣ ከአንደበት ቀድሞ ሰውነት ላይ ይታያል፦ ጥርስ መንከስ፣ የጆሮ መጋል፣ የንግግር መፍጠን፣ የእጅ መቀዝቀዝ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ተከታተዪውና ያዢው።

ስሜቱን በስሙ ጥሪው። በልብሽ «ተናድጃለሁ፣ ምክንያቱም ከሰው ፊት ተዋረድኩ» በይ። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ስሜትን በቃል መሰየም አሚግዳላ የተባለውን ለሚያሰጋ ነገር ቶሎ የሚነቃ የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በጥቅሉ «ከፋኝ» ማለት ግን አይበቃም። ቁጣ ነው፣ ሐፍረት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ወይስ ድካም? ከሱፐርቫይዘርነቴ እነሣለሁ ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ፣ ያረፈደችውን ልጅ መቆጣት ፍርሃትሽን አያነሳልሽም።

ትንፋሽሽን አርዝሚ። እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አውጪ፤ ይህን 6 ጊዜ ስትደግሚ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ቆመሽ፣ ሰሌዳውን የምታነቢ መስለሽ ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ማንም አያውቅብሽም።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ንዴቱን ሳያበርዱ ፊትን ብቻ ማስተካከል ነው። ከውስጥ እየጋየሽ ከውጭ ፈገግ ብትዪ ሐሳብሽ ፊትሽን በመጠበቅ ይጠመዳል፤ የሰማሽውንም በደንብ አታስታውሺም። የጄምስ ግሮስና የጄን ሪቻርድስ ጥናቶች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ካልበረደልሽ «ከሻይ በኋላ እናወራለን» ብለሽ አቆዪው። 20 ደቂቃ የዘገየ ንግግር ላይን አይገድልም።

መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ሰውየዋን

የሰዓት ምርት መመዝገቢያው ሰሌዳ በእጅሽ ያለ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪያት፤ ከራሷ ጋር አወዳድሪ። በሰዓት 60 ቁራጭ የምትሰፋ ኦፕሬተር ለሁለት ቀን 45 ላይ ከቆመች፣ መርፌ ከወትሮው በላይ ከሰበረች፣ ከኳሊቲ የሚመለስባት ሥራ ከበዛ፣ ምሳ ላይ ከጓደኞቿ ተነጥላ ከተቀመጠች የሆነ ነገር ተለውጧል።

የተለወጠው ግን ልቧ ላይሆን ይችላል። ወደ እሷ ከመሄድሽ በፊት እነዚህን አጣሪ፦ የክር ውጥረቱና መርፌው ትክክል ነው? ከእሷ በፊት ያለችው ኦፕሬተር የምታቀብላት ሥራ በመጠንም በጥራትም ልክ ነው? ስታይሉ ወይም ጨርቁ ሰሞኑን ተቀይሯል? ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ ሜካኒክ ጥሪ ወይም ላይኑን አስተካክዪ። ማሽኗ የተበላሸባትን ሴት «ምን አሳሰበሽ?» ብሎ መጠየቅ ጥፋቱን በእሷ ማላከክ ነው፣ እሷም ይገባታል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ቦታና ሰዓት

ለመጀመሪያ ንግግር 10 ደቂቃ ይበቃል። ከመጥራትሽ በፊት ተጠባባቂ ኦፕሬተር ማሽኗ ላይ አስቀምጪ። ይህን ካደረግሽ ብቻ ነው የምትሰማሽ፤ አለዚያ እያወራችሽ ዓይኗ የሚከመርባት ሥራ ላይ ነው። ምሳ ሰዓቷን አትንኪ፤ ሰርቪስ ሊነሳ ሲል አታስቀሪያት። ያመለጣት ሰርቪስ በምሽት ባጃጅ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ገንዘብም ስጋትም ነው።

ሁሉም በመስታወት የሚያያት ቢሮ ውስጥ አታስገቢያት። በሩ ተዘግቶ ወንድ ኃላፊ የተቀመጠበት ክፍልም አይሆንም። የመጋዘኑ ዳር፣ የካንቲኑ ጥግ ከሻይ ሰዓት ውጪ፣ ወይም በግቢው አብሮ መራመድ ይሻላል። ጎን ለጎን ስትራመዱ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሌለ ዓይን አፋር ልጅ ይቀላታል። ከተቀመጣችሁ ሁለታችሁም በእኩል ከፍታ ተቀመጡ፤ አንቺ ቆመሽ እሷ ተቀምጣ አይሁን።

ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚቀናት ከሆነ አስተርጓሚ አስፈላጊ ነው። አንድ ክፍል አብራት የምትኖር፣ ዘመዷ፣ ወይም የአንድ ቀበሌ ልጅ አትሁን። ከሌላ ላይን የመጣች፣ ምስጢር የምትይዝ ሴት ምረጪ፤ የምታስተረጉመውም የተባለውን ብቻ እንደሆነና ምክር እንዳትጨምር አስቀድመሽ ንገሪያት።

ንግግሩ ራሱ

ደብተር ከያዝሽ ለምን እንደያዝሽው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተናገሪ፦ «የምጽፈው የተስማማንበትን እንዳልረሳ ነው። ስንጨርስ የጻፍኩትን አነብልሻለሁ።» ስትጨርሱም አንብቢላት።

መክፈቻሽ በዓይንሽ ያየሽው ይሁን፣ ከቁጥርና ከቀን ጋር። «ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን 20 ደቂቃ ያህል አርፍደሽ ገብተሻል። ከዚህ በፊት እንዲህ አታደርጊም ነበር። ምን ገጠመሽ?» ይህ ጥሩ ነው። «ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ፣ ሥራው አይገድሽም እንዴ?» ግን ሁለት ስህተት አለው። «ሁልጊዜ» ውሸት ስለሆነ ስለ እሱ ትከራከርሻለች፤ «አይገድሽም» ደግሞ ልቧን ያነበብሽ ያስመስልሻል።

የመጀመሪያው መልስ በአብዛኛው «ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ» ነው። በባህላችን ገበናን ለአለቃ ማውራት ነውር ስለሆነ ይህ መልስ በር መዝጋት ሳይሆን ጨዋነት ነው። እንዳለ ተቀብለሽ አትሂጂ፤ እያፋጠጥሽም አትጎትቻት። በልብሽ እስከ 7 ቁጠሪና ዝም በይ። ካልተናገረች ጠበብ ያለ ጥያቄ ስጪ፦ «ዝርዝሩን ባትነግሪኝም ይሁን። የቤት ነው፣ የጤና ነው፣ ወይስ እዚሁ ሥራ ላይ ያለ ነገር?» ብዙዎች ዝርዝሩን መናገር ቢያቅታቸው እንኳ ከሦስቱ አንዱን መጥራት ይችላሉ። «እዚሁ ነው» ካለች በጥንቃቄ ቀጥዪ፤ ስለ እሱ ከታች ተጽፏል።

አንገቷን ደፍታ ብታወራ ጥፋተኛ ስለሆነች ነው አትበዪ። በገጠር ያደገች ልጅ ለታላቋ አክብሮት የምታሳየው እንዲሁ ነው።

ስትናገር አታቋርጪ። ስትጨርስ የሰማሽውን በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪያት፦ «እንደገባኝ ከሆነ አከራይዋ ኪራይ ጨምራብሽ ወደ ራቅ ያለ ሰፈር ገብተሻል፤ ሰርቪሱ በዚያ አያልፍም። ልክ ነኝ?» ልክ ካልሆንሽ ታርምሻለች፤ ልክ ከሆንሽ ፊቷ ሲፈታ ታያለሽ። ከሁሉም ደረጃ ይህን አትዝለዪ።

ንግግሩን የሚዘጉት በክፋት የሚነገሩ ነገሮች አይደሉም። ከሁሉም በላይ የሚዘጋው በበጎ ልብ የሚነገረው ነው። ገና ግማሽ ሳትናገር «አይዞሽ፣ ያልፋል» ካልሻት እንድታበቃ የነገርሻት ይመስላታል። «የባሰ አለ» ካልሽ ችግሯን አሳነስሽባት። «እኔም እኮ እንዳንቺ ሆኜ…» ብለሽ ከጀመርሽ ደግሞ ንግግሩ ያንቺ ሆነ፤ እሷ አጽናኝ ልትሆንሽ ነው። «አይዞሽ» ቦታው መጨረሻ ላይ፣ ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ነው፤ ያኔ ይሞቃል።

«ለማንም አልናገርም» ብለሽ አትማዪ። ቃሉ ከአፍሽ ከወጣ በኋላ ድብደባ፣ ትንኮሳ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብትነግርሽ ወይ ቃልሽን ታጥፊያለሽ ወይ እሷን አደጋ ላይ ትጥያለሽ። ይልቅ እንዲህ በይ፦ «ያንቺን ነገር ወሬ አላደርገውም። ሕይወትሽን ወይም ደህንነትሽን የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምናገርም አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

ውሳኔው፦ ሦስት ቅርጫት

የሰማሽውን ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ መድቢ። ዛሬ አንቺ ራስሽ የምትወስኚው አለ፦ የማሽን ቦታ መቀየር፣ ለሦስት ቀን ቀለል ያለ ኦፕሬሽን (የስፌት ደረጃ) መስጠት፣ ከፈረቃ ጓደኛዋ ጋር ማቀያየር። በሕግ ወይም በደንብ የሚገባት፣ በሰው ሀብት ክፍል በኩል የሚያልቅ አለ። አንቺም ፋብሪካውም ልትፈቱት የማትችሉት ደግሞ አለ፤ ይህንን በግልጽ ንገሪያት። «እስቲ አያለሁ» ማለት እምቢ ከማለት የባሰ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ስትጠብቅ ትከርማለችና።

ለሁለተኛው ቅርጫት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ዋና ዋና ድንጋጌዎች በቃልሽ ያዢ። ሕግ የማታውቅ ሱፐርቫይዘር ለሠራተኛዋ መብቷን እንደ ችሮታ ትሰጣታለች፤ ሠራተኛዋም ለሚገባት ነገር ስታመሰግን ትኖራለች። የኅብረት ስምምነታችሁ ከዚህ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል እሱንም አንብቢ።

የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ለራስ ጋብቻም እንዲሁ 3። ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲገጥም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለ፣ በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ ሳይበልጥ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አትታዘዝም፤ ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ጋ ስትሄድ ማስረጃ ካመጣች ከደመወዝ ጋር ይፈቀድላታል። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ ነው።

በሌላ በኩል፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደች ወይም በጠቅላላው 5 ቀን የቀረች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት እንደምትችል አዋጁ ይደነግጋል። ይህን ሳትደብቂ ንገሪያት። ችግሯን ተረድተሽላት፣ ስድስተኛ መዘግየቷ ላይ መሆኗን ግን ሳትነግሪያት ብትቀሪ፣ ስንብቱ ሲመጣ ያዘንሽላት መስሏት የነበረችው ልጅ እንዳታለልሻት ታስባለች። ማስጠንቀቂያ መጻፍ ካለብሽ ጻፊው፤ ስትሰጫት ግን ምክንያቷን እንደሰማሽና ወረቀቱ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ አስረጃት።

ውሳኔውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቋጪው፦ «እስከ ሚያዝያ 20 ከሁለተኛው ፈረቃ ገብተሽ ትሠሪያለሽ፤ ሚያዝያ 20 ከሻይ በኋላ እንደገና እናወራለን።» ከዚያ «የተስማማነውን አንቺ ንገሪኝ» በያት። «እሺ» ብላ ብቻ ከሄደች ምን እንደገባት አታውቂም።

መርዶ ሲመጣ

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ለብቻው ማሰብ ይገባል። ቤተሰብ ለጓደኛዋ ወይም ለቢሮ ይደውላል፤ ላይኑ ላይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ይዳረሳል። አንዷ አልቅሳ ስትታይ ኦፕሬተሯ ማሽን ላይ እንደተቀመጠች ታውቃለች፣ እጇ ደግሞ መርፌ ሥር ነው።

ወሬው እንደደረሰሽ መጀመሪያ የሰሙትን ሰብስበሽ ከላይኑ አውጪያቸው። ቀጥሎ ማሽኗን እንድታጠፋ አድርጊና በሌላ ሥራ ሰበብ ከቦታዋ አንሺያት። መርዶ የሚነገረው በቤት፣ በዘመድ አፍ፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ ነው፤ አንቺ መርዶ ነጋሪ አይደለሽም። «ቤተሰቦችሽ ወደ ቤት እንድትመጪ ይፈልጋሉ፤ አብራሽ የምትሄድ ሰው አለች፤ ሥራውን እኔ እይዛለሁ» በያት። አብራት የምትሄደውን ምረጪ፤ ጠንካራ የሆነች፣ መንገዱን የምታውቅ፣ ቀድማ የማታለቅስ። መጓጓዣ ከግቢው በር እስከ አሮጌው ወይም አዲሱ መናኸሪያ ድረስ ብቻ አይሁን፤ ማን እንደሚቀበላት በስልክ አረጋግጪ። በቀጥታ «ማን ሞተብኝ?» ብላ ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺ። «ክፉ ነገር ሰምተናል፤ ከቤተሰብሽ አፍ ብትሰሚው ይሻላል» ማለት እውነትም ነው፣ ወጉንም ይጠብቃል። ከዚያም በላይ አጥብቃ ከጠየቀች፣ ተቀምጣ፣ ሰው ይዟት፣ በአጭሩ ንገሪያት።

ሦስቱ የሐዘን ቀናት ከሩቅ ወረዳ ለምትመጣ መንገዱን እንኳ አይበቁም። ከዓመት ፈቃዷ የቀረ ካለ፣ ከሌለም ያለ ደመወዝ የሚሰጠውን 5 ቀን አንቺ ራስሽ ሞልተሽ አስፈቅጂላት፤ ሐዘን ላይ ያለች ልጅ ቅጽ ትሞላለች ብለሽ አትጠብቂ። ይህ ባለመደረጉ ብቻ «ያለ ፈቃድ ቀረች» ተብለው የተመዘገቡ ብዙዎች ናቸው።

ስትመለስ ላይኑ ሁሉ ከብቦ እንዳያስለቅሳት አድርጊ። ሁለት ሦስት ሰው ወክሎ ያጽናናት። የምትዪውን ለእምነቷ የሚስማማ አድርጊው፦ ለኦርቶዶክስ «ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊም «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ»። በሲዳማ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነና «ነፍስ ይማር» ለእነሱ ስለማይሆን፣ እምነቷን ካላወቅሽ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት እጇ በለመደው ኦፕሬሽን አስቀምጫት፤ አዲስ ማሽን አትስጫት። ሐሳቡ የተበታተነ ሰው ጣቱን ይወጋል። ዝቅ ያለ ታርጌት ከሰጠሻት ታርጌት ለሚያወጣው የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ክፍል ቀድመሽ አሳውቂ፤ አለዚያ ሰሌዳው ላይ ቀይ ሆና ትታያለች።

ትንኮሳና ጥቃት

የትንኮሳ ቅሬታ ከመጣሽ አንቺ መርማሪም ሽማግሌም አይደለሽም። አዋጁ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በአሠሪም፣ በሥራ መሪም፣ በሠራተኛም ላይ ከልክሏል። የነገረችሽን በራሷ ቃል፣ ከቀንና ከቦታ ጋር ጻፊ፤ የተባለው ቃል ቢያሳፍርም እንዳለ ይጻፍ። «ምን ለብሰሽ ነበር?»፣ «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» አይጠየቅም። ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጠይቂ፣ ከዚያ በፋብሪካው የቅሬታ መንገድ አቅርቢ። ሁለቱን አስቀምጦ ማስታረቅ ትልቅ ስህተት ነው። ሽምግልና ለጠብ እንጂ ለጥቃት አይደለም፤ ታርቃለች የተባለችውም በማግሥቱ ከዚያው ሰው ጋር አንድ ላይን ትገባለች።

አስገድዶ መድፈር ከሆነ ሁሉም ነገር ከሆስፒታል በኋላ ይደርሳል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። ማስረጃ እንዳይጠፋ ከምርመራ በፊት ባትታጠብ፣ ልብሷንም በወረቀት ከረጢት ይዛ ብትሄድ ይመከራል። ብቻዋን አትላኪያት።

ለሴት መሪ ብቻ የሚነገር

ማደሊን ሄልማንና ጁሊ ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ወንድ ባልደረባውን ከሥራ ሰዓት ውጪ ሲረዳ በምዘና ይመሰገናል፤ ሴት ያንኑ ስታደርግ ምዘናዋ አይጨምርም። እምቢ ስትል ግን ይቀነስባታል፤ ወንዱ እምቢ ሲል አይቀነስበትም። ይህ ማለት የምታዳምጪበት ሰዓት ካልተመዘገበ ለማንም አይታይም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ፣ 30 ደቂቃ ለይተሽ ላይኑ ሁሉ እንዲያውቀው አድርጊ። በሳምንታዊ ሪፖርትሽ ላይ «ከ4 ኦፕሬተሮች ጋር የግል ውይይት፣ 40 ደቂቃ፣ 2 የፈረቃ ለውጥ» ብለሽ ጻፊ፤ ስምና ምክንያት አያስፈልግም። የወንድ ሱፐርቫይዘሮች ሠራተኞች «እሷ ትሰማለች» ተብለው ወደ አንቺ ሲላኩ በትህትና መልሺያቸው፦ «ጉዳዩን አለቃሽ ቢሰማው ይሻላል፤ ከፈራሽ አብሬሽ እገባለሁ፣ ቦታውን ግን አልወስድበትም።»

ቁጣን በተመለከተ የቪክቶሪያ ብሬስኮልና የኤሪክ ኡልማን የ2008 እ.ኤ.አ. ጥናት ጠቃሚ ነገር ይዟል። ወንድ ሲቆጣ ሰው «አንድ ነገር ቢያናድደው ነው» ይላል፤ ሴት ስትቆጣ «ድሮም ጠባይዋ ነው» ይባላል። ሴቷ የተቆጣችበት ከእሷ ውጪ ያለ ምክንያት ሲነገር ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። እንግዲያው ስትቆጪ ምክንያቱን በዚያው ዐረፍተ ነገር አስገቢ፦ «የተቆጣሁት 200 ቁራጭ ያለ ኳሊቲ ምርመራ ስላለፈ ነው።» ምክንያት አልባ ቁጣ ለሴት መሪ ውድ ነው።

ብር አታበድሪ። ከደመወዝ በፊት ባሉት ቀናት ጥያቄው ይበዛል፣ እምቢ ማለትም ይጨንቃል። ያበደርሻትን ልጅ በማግሥቱ ስታስጠነቅቂያት ግን ወረቀቱ የዕዳ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ሳታስጠነቅቂያት ስትቀሪ ደግሞ ሌሎቹ ወዳጅነት ነው ይላሉ። «ከላይኔ ሰው ጋር ብር አልለዋወጥም፣ ለማንም ነው፤ ስለ እቁብ ወይም ስለ ደመወዝ ቅድሚያ ግን ከሰው ሀብት ጋር አብሬሽ እጠይቃለሁ» በያት። የመጀመሪያዋ እምቢታ ከባድ ናት፣ ሁለተኛዋን ሰው አይጠይቅሽም።

ወደ ላይ ስትናገሪ፣ በተለይ ከስሪላንካ፣ ከሕንድ ወይም ከቻይና ለመጡ ኃላፊዎች፣ የሰማሽውን ስሜት ወደ ሥራ ቋንቋ ለውጪው። «ልጆቹ ተከፍተዋል» ብትዪ አስተርጓሚው አንድ ቃል አድርጎ ያልፈዋል። «የማታው ሰርቪስ መስመሩን ስለቀየረ በዚህ ሳምንት 6 ኦፕሬተሮች አርፍደዋል፤ መስመሩ በሁለት ፌርማታ ቢራዘም ይስተካከላል» ብትዪ ጠረጴዛው ላይ የሚወሰን ጥያቄ አስቀመጥሽ።

ደብተሩና ቀጠሮው

በእያንዳንዱ ገጽ አራት ነገር ይበቃል፦ ቀን፣ በዓይን የታየው ለውጥ፣ የተወሰነው፣ የሚታይበት ቀን። የሕመም ስም፣ የቤተሰብ ጠብ፣ የፅንስ ጉዳይ በደብተር አይጻፍም። ደብተሩ ይቆለፍበታል፤ ላይኑ ጠረጴዛ ላይ አያድርም።

የቆረጥሽው ቀን ሲደርስ ነገሩ የተፈታ ቢመስልሽም ሂጂ። ሚያዝያ 20 ብለሽ ሚያዝያ 23 ከሄድሽ የሚቀጥለውን አትነግርሽም። ለውጥ ከሌለ ውሳኔው አልሠራም ማለት ነውና ሌላ ሞክሪ፣ ወይም ወደ ሰው ሀብት አሳልፊው።

ወደ ሌላ ላይን ከተዛወርሽ ለተተኪሽ ስምምነቱን እንጂ ምክንያቱን አታስረክቢ፦ «ይህች ኦፕሬተር እስከ ሰኔ 5 ከማታ ፈረቃ ነጻ ናት፣ የሰው ሀብት ክፍል ያውቃል።» ተተኪሽ «ለምን?» ካለችሽ «እሷ ከፈለገች ትነግርሻለች» በያት። ኦፕሬተሯንም ከመሄድሽ በፊት ምን እንደተላለፈና ምን እንዳልተላለፈ ንገሪያት፤ የቀረውን ገጽ ቀደሽ አጥፊው።